የሚንተባተቡ እጆች

ሚጣ መስኮቱን በማውስ ይዛ ወደ ቀኝ ጎተተችው፤ አልመጣም። እጇን ካነሳች በኋላ ነው እየተንፏቀቀ የመጣው፣ ያለፈበትን መንገድ ሁሉ በራሱ ቁርጥራጭ ምስል አዝረክርኮ። እንደገና ጎተተችው። እንደገና ዘገየ።

"ምን ሆነሻል አንቺ?" አለቻት ኮምፒውተሯን።

ከስክሪኑ ግርጌ ምልክቶቹ የተደረደሩበት መደብ ሌላ ጊዜ እንደ ጭጋጋማ መስታወት ከኋላው ያለውን ያሳይ ነበር። ዛሬ ግራጫ ሆኗል፤ ልክ እንደ ሲሚንቶ። የቪዲዮ ማቀናበሪያውን ሶፍትዌር ስትከፍተው ደግሞ መልእክት ብቅ አለ፦ ይህ ኮምፒውተር ተስማሚ የግራፊክስ ካርድ የለውም። ከመልእክቱ በታች ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ "እሺ" የሚል። ሚጣ እሺ የሚያሰኝ ነገር አልታያትም፤ ሌላ የምትጫነው ስለሌለ ግን ተጫነችው። ሶፍትዌሩ ተዘጋ።

"የለውም ማለት?" አለች ጮክ ብላ። "የነበረው የት ሄደ ታዲያ?"

"ማንን ነው የምታናግሪው?" የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ።

"ዲቃላዋን!"

አባቷ የሻይ ብርጭቆ ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ኮምፒውተሯን በፈገግታ አዩዋት። "ዛሬ ዝም ብላለች አይደል? አትጮህም።"

"በጮኸችና በሠራች! ጭራሽ ተበላሽታብኛለች አባዬ።"

"እህ" አሉና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ሻይሽን ጠጪ።"

ሚጣ ጠረጴዛውን አየችው። ይሄ ሦስተኛው ብርጭቆ ነው። ሁለቱ ሳይነኩ ቀዝቅዘዋል። ልትስቅ ፈለገችና አልመጣላትም፤ ሐሳቧ እዚያ አልነበረም።

ሚጣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ በሩን ጎንበስ ብላ የምታልፍ ረጅም ሴት ናት፤ የልጅነት ስሟ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። የምትተዳደረው ቪዲዮ እየቀረጸችና እያቀናበረች ነው። ኮምፒውተሯ ከሱቅ ተገዝታ የመጣች አይደለችም። እውነተኛው ማክ ኮምፒውተር ዋጋው የማይቀመስ ሲሆንባት፣ ዕቃዎቹን ከየቦታው ለቃቀመች፤ ሽቦ የሚሉት ጓደኛዋ የማክ ሶፍትዌር ጫነባት፤ አባቷ ኬዙን፣ የውጪ ሳጥኗን፣ በስተው ተጨማሪ ማራገቢያ ገጠሙላት። ዲቃላዋ የሚለውንም ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። "አካሏ የአንዱ፣ ነፍሷ የሌላው" ይሉ ነበር እየሳቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሱቁን ከዘጉ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ከሱቁ የተረፉት አሮጌ ሬዲዮዎች ሳሎን ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ በብሎን በተገጠመ ረጅም መደርደሪያ ተደርድረዋል።

ሚጣ ሳምንቱን በሙሉ የዋለችው መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ነው። እዚያ አንዲት መምህርት ለወላጆች የምልክት ቋንቋ ትምህርት አዘጋጅታለች። ልጆቻቸው በእጃቸው ያወራሉ፤ ወላጆቹ አይገባቸውም። አንዳንዶቹ ከወለዱት ልጅ ጋር በጥቅሻና በግሳጼ ብቻ ነው የሚኖሩት። ነገ ጠዋት ወላጆቹ ይሰበሰባሉ፤ የመጀመሪያው ትምህርት ይታያቸዋል። መምህሯ ደግሞ ዛሬ ከምሳ በኋላ መጥታ ቪዲዮውን አይታ ልትወስድ ቀጠሮ አላቸው። መቅረጹ አልቋል። ማቀናበሩ ግን ገና አልተነካም።

ትናንት አመሻሽ ላይ ደክሟት ስትመለስ ዲቃላዋን አስነሥታት ነበር። አዲስ አፕዴት አለ የሚል መልእክት መጣ። በደንብ ሳታነበው አዎ ብላ ሄዳ ተኛች። ጠዋት ስትነሣ ይሄ ጠበቃት።

"እጄን ይቁረጠው" አለችና ስልኳን አነሣች።

"ሽቦ፣ ጉድ ሆኛለሁ።"

"አፕዴት አደረግሽ" አለ ሽቦ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። ኑሮው ሌላ ከተማ ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል።

"በምን አወቅህ?"

"ሰው ለኔ የሚደውለው ወይ ሲያገባ ወይ አፕዴት ሲያደርግ ነው። አንቺ ደግሞ አላገባሽም።"

"አትቀልድብኝ፣ ዛሬ ቀልድ አይገባኝም።"

"እሺ። 'ስለዚህ ኮምፒውተር' የሚለውን ክፈቺው። ግራፊክስ ከሚለው ጎን ምን ይላል?"

"ሰባት ሜጋባይት።"

"ስንት?"

"ሰባት። ድሮ በጊጋባይት ነበር እኮ የሚቆጥረው።"

ሽቦ አፏጨ። "እንግዲህ ስሚኝ። ስክሪንሽ ሥዕል ያሳያል፣ ግን ሥዕሉን የሚሥለው ካርዱ አይደለም፤ ዋናው ፕሮሰሰር ነው እየተፍጨረጨረ ያለው። ሠዓሊው ከቤት ወጥቶ ዘበኛው ብሩሽ ይዟል በይው።"

"ሠዓሊው የት ሄደ?"

"እሱን እኮ ነው የምንፈልገው።"

ፍለጋው ተጀመረ። ሽቦ የማስነሻውን ፋይል አስከፈታት። የሚላትን መስመር ፊደል በፊደል እየጠራላት ጻፈች፤ ኮምፒውተሯን አጥፍታ አስነሣቻት። ሰባት ሜጋባይት። ያንን አስጠፍቶ ሌላ አስጻፋት። ሰባት ሜጋባይት። አንድ ፋይል ልኮ በዚህ ፎልደር ውስጥ ክተቺው አላት፤ ከተተችው። ለውጥ የለም። የምትጽፈው ነገር አንዱም አይገባትም። ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት፣ ነጠላ ሰረዙ ሲቀር ሁሉም የሚፈርስ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ለምን እንደሆነ ትጠይቀው ነበር። በኋላ መጠየቁንም ተወችው።

"አሁን እሱን መስመር ሰርዢው።"

ሰረዘችው። አስነሣቻት። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

ጠበቀች። ጥቁር ነው። ከጥቁሩ ውስጥ የራሷን ፊት አየችው፤ አፏ ተከፍቶ።

"ሽቦ፣ ጠፋች።"

"የቱን ነው የሰረዝሽው?"

"ሰርዢ ያልከኝን!"

"እኔ ታችኛውን ነው ያልኩሽ።"

"እሱን ብለኸኛል። እሱን ብሎ ነገር ታችኛው ነው ላይኛው?"

ከዚያ ሽቦ ለክፉ ቀን ብሎ ያዘጋጀላትን ፍላሽ እንድትፈልግ ነገራት። መሳቢያውን ገልብጣ አገኘችው። በፍላሹ አስነሥታ፣ የነካካችውን ሁሉ ወደነበረበት መልሳ፣ ላብ በላብ ሆና ስትጨርስ፣ ስክሪኑ ላይ ያ ሲሚንቶ መደብ እንደገና ተጋደመ። ሰባት ሜጋባይት። ጠዋት የጠላችውን ነገር ስታየው ደስ አላት፤ በራሷም ተገረመች።

"እንግዳ አለ እንዴ ዛሬ?" አሉ አባቷ ከበሩ። አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ነበር።

"መምህሯ ትመጣለች ብዬህ የለ አባዬ።"

"የምን መምህር?"

"የትምህርት ቤቷ። ነግሬሃለሁ እኮ።"

"አዎ አዎ" አሉ፣ ቶሎ ብለው። እንደዚህ ቶሎ ብለው አዎ ማለታቸው አዲስ ነገር ነው። ሚጣ ልብ አላለችውም፤ ስልኳ ብልጭ ብሎ ነበር። *በር ላይ ነኝ* ይላል።

መምህሯ ትንሽ፣ ፈጣን ሴት ናት። አትሰማም፤ ፊቷ ግን የሁሉንም ሰው ድርሻ ይናገራል። ሚጣ በሳምንቱ ውስጥ ጥቂት ምልክቶች ለምዳለች። የሚቀረውን በስልክ ጽፈው ይለዋወጣሉ።

"አልቋል?" አለች መምህሯ በእጇ፣ ገና ሳትቀመጥ።

ሚጣ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። "ተበላሽታለች" ለማለት ምልክቱን ስላላወቀችው ኮምፒውተሯን አሳይታ እጇን እንደ ቢላ አንገቷ ላይ አሳለፈች። መምህሯ ሳቀች፤ የሚጣን ፊት ደህና አድርጋ ስታየው ሳቋን አቆመች።

ማቀናበሪያው ባይከፈትም፣ ጥሬው ቀረጻ በተራ ማጫወቻ ይከፈታል። ሚጣ እሱን ከፈተችላት። ስክሪኑ ላይ መምህሯ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆማለች። እጇ ተነሣ፤ ቆመ፤ ድንገት ሌላ ቦታ ታየ። ጣቶቿ ሊታጠፉ ሲሉ ደረቁ፤ ከዚያ ታጥፈው ተገኙ። በመሃል የሆነው ነገር የለም።

መምህሯ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ጻፈች፦ *እጆቼ ተንተባተቡ።*

"ቀረጻው ደህና ነው" ብላ ጻፈች ሚጣ። "ኮምፒውተሯ ነች እንደዚህ የምታደርገው።"

መምህሯ ቪዲዮውን አስቆመችው። በጣቷ እያመለከተች ጻፈች፦ *እዚህ ላይ "ና" እያልኩ ነበር። እጄ መሃል ላይ ቀርቷል። "ና" ይሁን "ሂድ" ማን ያውቃል? አንዲት እናት ይሄንን አይታ ልጇን ሂድ ብትለውስ?*

ሚጣ እንደገና ሽቦ ጋ ደወለች።

"አንድ የቀረን ነገር አለ" አለ ሽቦ። "ካርዱ ራሱ ተቃጥሎ እንዳይሆን። ክፈቻትና ማራገቢያዎቹ ይዞሩ እንደሆነ እዪልኝ።"

ሚጣ ዲቃላዋን አጥፍታ፣ ገመዷን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አጋደመቻት። የጎኗን ክዳን የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ነበሩ፤ አሁን ያለው አንድ ነው። እሱም ላላ ብሏል። ክዳኑን አነሣችው።

መጀመሪያ ያየችውን ነገር ማመን አቃታት። የሷ ካርድ ረጅም ነው፤ ጥቁር፣ ሁለት ማራገቢያ ያለው። እዚህ የተሰካው አጭርና አረንጓዴ ነው፤ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ፣ ጥጉ ላይ የቆየ አቧራ። ኬዙን አዙራ አየችው፤ የሌላ ሰው ኮምፒውተር የከፈተች መሰላት። ኬዙ የሷ ነው። አባቷ የበሱት ቀዳዳም አለ። ፎቶ አንሥታ ላከችለት።

"ይቺማ የድሮዋ ናት!" አለ ሽቦ ፎቶውን አይቶ። "ከዲቃላዋ በፊት የነበረችሽ ኮምፒውተር ላይ የነበረችው። የማክ ሶፍትዌር እሷን ማወቅ ካቆመ ቆየ። ስክሪን ታበራለች፣ ከዚያ በላይ አትጠብቂባት።"

"እና አፕዴቱስ?"

"አፕዴቱ ንጹሕ ነው። በከንቱ ስናማው ዋልን።"

"ታዲያ ማን ቀየራት?"

"እኔ ከዚህ ሆኜ?" አለ ሽቦ። "ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ጠይቂ እንጂ።"

ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሳሎን ተቀምጦ አንድ አሮጌ ሬዲዮ በጨርቅ ይወለውላል። ሚጣ አረንጓዴውን ካርድ ነቅላ ይዛ ወጣች። መምህሯ ተከተለቻት።

"አባዬ፣ ዲቃላዋን ነክተሃት ነበር?"

"እኔ? ለምን ብዬ?"

"ውስጧ የነበረው ካርድ የለም። በሱ ፈንታ ይሄ ነው ያለው። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ያለነው እኔና አንተ ነን።"

አባቷ ጨርቁን አስቀመጡ። "እና እኔ ሰረቅኩ ነው የምትይኝ?"

"ማን ሰረቅህ አለህ? ጠየቅኩ እንጂ።"

"በእንግዳ ሰው ፊት!" ድምፃቸው ከፍ አለ። እጃቸው አየር ላይ ይወዛወዛል። "የሰው ዕቃ ስፈታና ስገጥም ነው ያረጀሁት! አንዲት ብሎን አጉድዬ አላውቅም! አልነካሁም ብያለሁ፣ አልነካሁም!"

"እሺ አባዬ፣ እሺ።"

ቁጣቸው እንደመጣ ጠፋ። ወደ ውጪው በር አዩ። "ሌባ ገብቶ ይሆን እንዴ?" አሉ፣ በሹክሹክታ። ተነሥተው ሄዱና የበሩን ቁልፍ ፈተሹ። መስኮቶቹን ሁሉ እየነካኩ ዞሩ። ዞረው ሲጨርሱ እንደገና ወደ በሩ ሄደው ቁልፉን ፈተሹ፤ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ይመስል።

ሚጣ ካርዱን እንደያዘች ቆማ አየቻቸው። አንዱን ካርድ ወስዶ ሌላ ካርድ ተክቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ የሚሄድ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ደግሞ አባቷ አይዋሹም። በሕይወቷ ሲዋሹ ሰምታቸው አታውቅም። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ አልቆም አሏት። አንዱን ስታነሣ ሌላው ይወድቃል።

መምህሯ እጅጌዋን ሳበችና ስልኳን አቀበለቻት። *ምን እንዳሉ አልሰማሁም* ይላል። *ሲቆጡ ግን ጣታቸው ብሎን ይፈታ ነበር።*

ሚጣ ደጋግማ አነበበችው።

መምህሯ ፈቃድ አልጠበቀችም። ካርዱን ከሚጣ ወስዳ ሄደችና አባቷን በክንዳቸው ይዛ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸው። ፊት ለፊታቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ካርዱን መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ከዚያ አፏን ዘግታ በእጇ ብቻ ጠየቀቻቸው፤ ብሎን ፈታች፣ አንድ ነገር ሳብ አድርጋ አወጣች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ትከሻዋን ሰበቀች። ከዚያስ?

አባቷ ግራ ገብቷቸው ሚጣን አዩ። "ምን ትለኛለች ልጅቷ?"

"እሷ አትሰማም አባዬ። በእጅህ ንገራት።"

"ምኑን ልንገራት?"

መምህሯ ደገመችው። ፈታች፣ ሳበች፣ እጇን ዘረጋች። አባቷ ፈገግ አሉ፤ ከሕፃን ጋር የሚጫወቱ ይመስል። ካርዱን ጭናቸው ላይ አደረጉና እጃቸውን አነሡ። መጀመሪያ ዝም ብለው አየር ላይ አንሳፈፉት። ከዚያ ጣቶቻቸው ራሳቸው ሥራ ጀመሩ። በከንፈራቸው እፍ አሉ፣ አቧራ ማራገፋቸው ነው። በአውራ ጣታቸው ጠረጉ። አንዲት ጠብታ ዘይት ጠብ አደረጉ። በሌባ ጣታቸው ማራገቢያ አሽከረከሩና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ አንድ ነገር በጨርቅ ጠቀለሉ።

እዚያ ላይ ቆሙ። የተጠቀለለው ነገር፣ የሌለው ነገር፣ በእጃቸው እንዳለ ቀረ። ዓይናቸው ክፍሉን ዞረ።

መምህሯ አላጣደፈቻቸውም።

አባቷ እጃቸውን ዝቅ አድርገው የያዙትን አስቀመጡ፤ ከዚያ አንዱን መዳፍ ሌላው ላይ ጣል አደረጉት። ከደኑት።

"ክዳን" አለች ሚጣ። "ክዳን ያለው ነገር ውስጥ ነው።"

ተጣደፈች። የልብስ ማጠቢያውን ማሽን ከፈተች፤ ካልሲ ብቻ ነው ያለው። የቆሻሻውን በርሜል ከፈተች፤ ባዶ ነው። ጠዋት ራሷ ነች አውጥታ የጣለችው። ምን እንደጣለች ለማስታወስ ሞከረች፤ አላየችውም ነበር። በጓዳው በር ተደግፋ ስትቆም መምህሯ በጎኗ አልፋ ገባችና የዕቃ መደርደሪያውን መበርበር ጀመረች። እንግዳ ሲበዛ ብቻ የሚወጣው ትልቁ ድስት ጥጉ ላይ ነበር። ክዳኑን አነሣችው።

ውስጡ ንጹሕ ፎጣ አለ። ፎጣው ውስጥ ረጅሙ ጥቁር ካርድ።

ሚጣ ማራገቢያውን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ያለ ድምፅ ዞረ፤ ዞሮ ዞሮ ቆመ። ባለፈው ወር ያ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ሲንገጫገጭ፣ "ይሄ ጩኸት አንድ ቀን ያሳብደኛል" ብላ ለአባቷ የተማረረችው ራሷ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ እሷ ትምህርት ቤት ስትውል፣ እሳቸው ቤት ብቻቸውን ነበሩ። አውጥተው ጠገኑላት። እስኪጠግኑት ድረስ ስክሪኗ እንዳይጨልምባት አሮጌዋን ተኩላት። ሁሉንም እንደሚገባ ሠሩት። ከዚያ ሥራው ከእጃቸው ሲወጣ ከራሳቸውም ወጣ።

ይዛላቸው ስትመጣ አባቷ ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ማራገቢያውን አሽከረከሩ። ጠርዙ ላይ የታሰረችውን ቀጭን ክር በጥፍራቸው ነካኳት።

"ይሄ የኔ አስተሳሰር ነው" አሉ። "ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"አዎ አባዬ።"

"ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት።"

"በጣም።"

ቀና ብለው አዩዋት። "መቼ ነው የሠራሁት?"

ሚጣ ልትመልስ አፏን ከፈተች። በቅርቡ ልትል ነበር፣ ምንም አይደለም ልትል ነበር፣ ሁሉም ሰው ይረሳል ልትል ነበር። ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠችና ትከሻቸውን አቀፈች። እሳቸውም ጥያቄውን አልደገሙትም። ካርዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"በይ እንግጠማት" አሉ በመጨረሻ። "ካቻቢቴው የት አለ?"

የሱሪያቸው ኪስ ውስጥ ነበር።

ካርዱን የገጠሙት እሳቸው ናቸው። ሚጣ ባትሪ አበራችላቸው። እጃቸው አላመነታም፤ አረንጓዴዋ በነበረችበት ቦታ ጥቁሩን አሳርፈው ጠቅ አደረጉት፣ ብሎኑን አጠበቁ፣ ገመዱን ሰኩ። ዲቃላዋ ስትነሣ ድምፅ አልነበራትም። ከስክሪኑ ግርጌ መደቡ እንደ ጭጋጋማ መስታወት ሆኖ ወጣ። ሚጣ መስኮት ይዛ ጎተተች፤ ከእጇ ጋር እኩል መጣ። ማቀናበሪያው ተከፈተ፣ ማንንም እሺ ሳያሰኝ።

ከሰዓቱን በሙሉ ሲሠሩ ዋሉ። መምህሯ ጎኗ ተቀምጣ የሚቆረጠውን ታሳያታለች፤ ሚጣ ትቆርጣለች። ስክሪኑ ላይ ያሉት እጆች አሁን ይፈሳሉ። "ና" የሚለው እጅ ከሩቅ ተነሥቶ ሳይቆም ደረት ድረስ መጣ። መምህሯ እሱን ቦታ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት፤ ለሥራው ሳይሆን ደስ ስላላት። ሽቦ በመልእክት፣ *ሠዓሊው ተገኘ?* ብሎ ጠየቀ። ሚጣ ድስቱን ፎቶ አንሥታ ላከችለት። ያለ ማብራሪያ። *አልገባኝም* ብሎ መለሰ። *እኔም* አለችው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሥራው አልቆ ፍላሽ ላይ ተገለበጠ። መምህሯ ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተነሣች። ሳሎን ሲደርሱ አባቷ ሶፋው ላይ አንቀላፍተዋል፤ ካቻቢቴው ጉልበታቸው ላይ ነው። መምህሯ አየችው። ከዚያ የግድግዳውን የኤሌክትሪክ ሶኬት አየች። ለሚጣ በእጇ አንድ ነገር አለቻት፤ ሚጣ አልገባትም። ጻፈችላት፦ *ደብቂው። አያቴም እንደዚህ ጀምሯቸው ነበር። አንድ ቀን የማይነካ ነገር ሊነኩ ይችላሉ።*

ሚጣ ራሷን ነቀነቀች። ካቻቢቴውን ቀስ ብላ አነሣችው። ከጓዳው መደርደሪያ በላይ፣ እሷ ብቻ የምትደርስበት ቦታ አለ። እዚያ ልታስቀምጠው እጇን ዘረጋች፤ እንደ ዘረጋችም ቆየች።

ስትመለስ ካቻቢቴው እጇ ላይ ነበር።

*ሰኞ ሁለተኛውን ትምህርት እንቀርጻለን አይደል?* አለ የመምህሯ ስልክ። *ሳምንቱን በሙሉ ያስፈልገኛል። እንደ ባለፈው ጠዋት ነይ።*

ሚጣ ሰኞን አሰበችው። አባቷን ብቻቸውን ትታ፣ በሩን ዘግታ ስትወጣ ታያት። ስልኩን ተቀበለችና *እዚህ እንሥራው* ብላ ጻፈች። *አንቺ ነይ። መብራቱን አባቴ ይይዝልናል።*

መምህሯ አንብባ ክፍሉን ዞራ አየችው፤ ሶፋውን፣ መስኮቱን፣ በመጨረሻም ሬዲዮዎቹ የተደረደሩበትን ግድግዳ። እዚያ ላይ ጣቷን ቀሰረች። ከእጆቿ ኋላ ባዶ ግድግዳ ካልሆነ አይነበቡም።

"ይነሣል" አለች ሚጣ በአፏም በእጇም።

መምህሯ ከሄደች በኋላ አባቷ ነቁ። ዓይናቸውን አሻሹና፣ "ማን ነበረች ልጅቷ?" አሉ።

"መምህርት ናት። ሰኞ ትመጣለች። እዚህ ቪዲዮ እንቀርጻለን፤ አንተ መብራት ትይዛለህ።"

"እኔ?"

"ሌላ ማን አለኝ? አሁን ግን ይሄን መደርደሪያ ማውረድ አለብን።"

አባቷ መደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። "እኔ ነኝ የገጠምኩት" አሉ። "ጥብቅ አድርጌ ነው የገጠምኩት።"

ሬዲዮዎቹን አንድ በአንድ አወረዱ፤ ሚጣ እየተቀበለች ሶፋው ላይ ደረደረቻቸው። ከዚያ ወንበር አምጥታ ግድግዳው ሥር አስጠጋች። እጇ ላይ የነበረውን ካቻቢቴ ለአባቷ ሰጠቻቸው። ወንበሩ ላይ ሲወጡ በርከክ ብላ የወንበሩን እግሮች በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።